እድራችን ለአረጋውያን የቤት ለቤት አገልግሎት ሊጀምር ነው፤ ተቆጣጣሪው ግን ማነው?

የጠባሴው ጸሐፊ፦

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። የሰፈሬ እድር ጸሐፊ ነኝ፤ ሁሉም አልፈልግም ሲል እኔ ላይ የወደቀ ሥራ ነው። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ከወር በፊት አምስት ወጣቶች ወደ እድሩ መጡ። ሁለቱ ተመርቀው ሥራ ያጡ ነርሶች ናቸው። አንዱ ኮምፒውተር ያጠና ነው። ሐሳባቸው ይሄ ነው፦ ብቻቸውን የሚኖሩ ወይም ከቤት መውጣት ያቃታቸው አረጋውያን ቤት በሳምንት ሁለቴ እየሄዱ ግፊትና ስኳር ይለካሉ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መውሰዳቸውን ያያሉ፣ ገላ ያጥባሉ፣ ጥፍር ይቆርጣሉ፣ ያጫውታሉ። የለኩትን ሁሉ ስልክ ላይ ባለ አፕ ይመዘግቡና አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ ላሉት ልጆች ይልካሉ። ልጆቹ በየወሩ ይከፍላሉ። ልጅ ለሌላቸው ደግሞ እድሩ ይክፈል ነው የሚሉት። ሌላም አለ። እጅ ላይ የሚታሰር፣ ሰውየው ሲወድቅ በራሱ የሚደውል ነገር አስመጥተን እንሞክራለን ብለዋል።

እኔ ወድጄዋለሁ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ግፊትም ስኳርም አለባት፣ በዚህ በኛ ብርድ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ልሳም ስትል ልቤ ነው የሚወድቀው።

ስብሰባው ላይ ግን ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንድ አባት ተነሡና «እድር የሞተን ይቀብራል እንጂ የቆመን ሊጠብቅ ነው እንዴ? ድንኳኑ ተቀዶ የለም ወይ?» አሉ። አንዲት እናት ደግሞ «ሞቼ ከምታለቅሱልኝ በቁሜ አንድ ቀን እግሬን እጠቡኝ» ብለው ሁሉንም ጸጥ አሰኙት። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ያጣራ ተባለና ተላክሁ።

የገደለኝ ማጣራቱ ነው። አንዱ ቢሮ ስሄድ ጤና ስለሆነ ወደ ጤና ሂድ አሉኝ። እዚያ ስደርስ የአረጋውያን ጉዳይ ነው፣ ማኅበራዊ ጉዳይ ጠይቅ አሉኝ። እነሱ ደግሞ ክፍያ ካለው ንግድ ነው፣ ንግድ ፈቃድ ያውጡ አሉ። ንግድ ፈቃድ የሚሰጡት የዘርፉን ስም ዝርዝራቸው ውስጥ ፈልገው አጡት። አራት ቀን ተመላለስኩ። የከለከለኝ የለም። ይሄ የኔ ሥራ ነው ያለኝም የለም።

እንግዲህ ጥያቄዬ። ክሊኒክ ቢከፍቱ ተቆጣጣሪ አለው። ሥጋ ቤት ቢከፍቱም አለው። የሰው እናት ጓዳ ገብቶ መድኃኒት የሚነካ ሰውን ግን ማነው የሚቆጣጠረው? ኪኒን ቢምታታ፣ ወርቅ ቢጠፋ፣ አንዷ እናት ሲታጠቡ አንሸራቷቸው ቢወድቁ ተጠያቂዎቹ ወጣቶቹ ናቸው፣ እድሩ ነው ወይስ ፈራሚው እኔ? ተመሳሳይ ነገር የሞከረ ወይም የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።


ቆለኛው፦

ወንድሜ፣ አትፈርም። እድር ውስጥ ፈርሞ የተመሰገነ ሰው አላየሁም።

ቀልዴን ነው፣ ግን ግማሹ እውነት ነው። እኔ ያለሁት ሸዋ ሮቢት ነው። እኛም ሰፈር ሰዎች መጥተው እንዲህ ያለ ነገር ጀምረው ነበር። ጥሩ ልጆች ነበሩ። ሦስት ወር ሠሩና አንድ ቀን ቀሩ፤ ስልካቸውም አይነሣም። አባቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ሲጠብቃቸው ከረመ። «ታመው ይሆናል» ይላል። ሊጀምሩ ሲሉ ስለ ማለቁ ማንም አላሰበም። እናንተ ስትጀምሩ ማቆሚያውን ጻፉት። መሄድ ቢኖርባቸው ከስንት ቀን በፊት ይናገራሉ? የጀመሩትን ለማን አስረክበው ይሄዳሉ? ከፈቃዱ በፊት እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።


ጤና ጣቢያ፦

አሁን ከሥራ ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከገደፍኩ ይቅርታ። ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያ ስሠራ 11 ዓመት ሆነኝ።

እንክብካቤና ሕክምናን ለዩ። ቢሮ ለቢሮ ያንከራተተህ የሁለቱ መቀላቀል ነው። ገላ ማጠብ፣ ማብላት፣ ልብስ መቀየር፣ ማጫወት እንክብካቤ ነው። ሰው ያሠለጥኑታል እንጂ ነርስ መሆን የለበትም። መለካት፣ መድኃኒት ማስተካከል፣ መርፌ፣ ቁስል ማጠብ ሲመጣ ግን የጤና ሥራ ነው፣ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚሠራው። የሁለቱን ነርሶች ፈቃድ ኮፒ እድሩ ጋ አስቀምጥ፤ መታደሱንም እይ። ሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ ነርሷ ቀረች ብለው መሣሪያውን አንሥተው እንዳይሄዱ በጽሑፍ ይከልከሉ። እንዲህ ያለው ነገር የሚመጣው በክፋት ሳይሆን በመልካም ልብ ነው።

ጥፍር መቁረጥ ብለሃል። ቀላል ይመስላል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ላይ ስሜቱ ይቀንሳል፣ ትንሽ ጭረት ሳያውቃት ቁስል ትሆናለች፣ ቁስሏ ሳትድን ከርማ እግር እስከ ማስቆረጥ የደረሰ ሰው ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ስኳር ያለበትን ሰው ጥፍር ነርሷ ትቁረጠው።

ግፊት መለካትም እንደዚያው ነው። በኛ አገር ብርድ ጋቢውንም ሹራቡንም ሳያስወልቁ እላዩ ላይ የሚጠመጥሙ አሉ። ያ ቁጥር ቁጥር አይደለም። ሰውየው አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ ክንዱ በልቡ ልክ ሆኖ፣ እርቃን ክንድ ላይ ነው የሚለካው። ከ140/90 በላይ ቢመጣ እንኳ በአንድ ቀን ልኬት ግፊት አለበት አይባልም። አረጋዊ ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብሎ ከተለካ በኋላ አስነሥታችሁ ለኩት። ሲቆም የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለመውደቅ ቅርብ ነው። ምክንያቱ የወሰደው የግፊት ኪኒን ሊሆን ይችላል። እጅ ላይ የሚታሰረው ነገር የሚደውለው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ይሄኛው ሳይወድቅ ይናገራል፣ ገንዘብም አያስወጣም።

አፑን በተመለከተ የምፈራው አንድ ነገር ነው። ቁጥሩ ለልጁ ይላካል፣ እሺ። ዴንቨር ያለው ልጅ 170 ሲያይ በኛ እኩለ ሌሊት ይደውልና «እማዬ ሁለቱን ኪኒን ዋጪ» ይላታል። እናትየው ደግሞ ልጇ ያለውን ታደርጋለች። ስለዚህ ቁጥሩ ለማንም ከመላኩ በፊት የሚወስን ሰው ይኑር። ይሄን ያህል ሲሆን ይጠበቃል፣ ይሄን ያህል ሲሆን በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይመጣል፣ ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነና ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ አሁኑኑ ጣፋጭ ይሰጠዋል፣ ካልቻለ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨመር ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል ነው። ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ ጤና ጣቢያው ይፈርምበት። የምትለምነው ደብዳቤ ይሄ ይሁን። «ፈቃድ ስጡን» ስትል ሁሉም ይሸሻል። «ታማሚ ስንልክላችሁ በዚህ መንገድ ትቀበሉናላችሁ ወይ» ብትል የሚቀበልህ ሰው አታጣም።

ጤና ኤክስቴንሽኖች አሉ ደግሞ፣ እነሱን አትርሱ። ቤት ለቤት መሄድ እነሱ የለመዱት ሥራ ነው። ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች በ16 ፓኬጅ ነበር የተሰማሩት፣ ትኩረቱም እናትና ሕፃን ነበር፤ ለአረጋዊ የተረፈ ጊዜ የለም። ቢሆንም የየቤቱን ጓዳ ያውቃሉ። ወጣቶቹ ሳያማክሯቸው ከገቡ ኩርፊያው ሥራውን ይገድለዋል።

የጤና መድኑ ይክፈል የሚል ሰው ይኖራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ጤና ተቋም ሄደህ ለታከምከው ነው እንጂ ቤትህ መጥቶ ላጠበህ አይደለም። ግን የጤና መድኑ አጀማመር ይጠቅምሃል። በ2003 ሲጀመር በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ብቻ ነበር፣ ክልላችንም ከአራቱ አንዱ ነው። በጥቂቱ ታይቶ ነው የሰፋው።


ኮድ ጻፊው፦

ከላይ ያለችው እህቴ የሚበዛውን ጨርሳዋለች። እኔ ስለ አፑ ብቻ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1321/2016። የጤና መረጃን ከሌላው ለይቶ የበለጠ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ቢያንስ በዚህኛው ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ልጆቹን እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው። የነ እማማ ስኳር የት ነው የሚቀመጠው? ከአምስታችሁ ማን ማን ያየዋል? አንዳችሁ ስትለቁ የይለፍ ቃሉ ይቀየራል? ሰውየው ሲሞት መዝገቡ ምን ይሆናል? መልስ የሌላቸው ከሆነ አፑ አልደረሰም፣ በደብተር ይጀምሩ።

ከምሬ ነው፣ በደብተር። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ የከረምንበትን ጊዜ አስታውሱት። ያኔ አገልግሎቱ አፕ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዳልነበር ይሆን ነበር። ቤት ውስጥ ትራስ ሥር የተቀመጠ ደብተር መብራት አይጠይቅ፣ ኔትወርክ አይጠይቅ። ኮምፒውተር ያጠናው ልጅ ይከፋው ይሆናል፣ ምን ይደረግ። እኔም ሙያዬ ነው።


የሽቱትጋርቷ፦

ሰላም የአገሬ ሰዎች። የቡልጋ ልጅ ነኝ። ጀርመን አገር አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የምኖረው፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ርዕሱን ሳይ ቡናዬን ትቼ ቁጭ አልኩ።

እዚህ ሁሉም ነገር ሥርዓት አለው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አለው። ግን በአንድ ቀን አልመጣም፣ ተሳስተውም አርመውታል። የእንክብካቤ መድን የሚባለው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። መጀመሪያ የሰውን ችግር የሚለኩት በደቂቃ ነበር። ለማጠብ ይሄን ያህል ደቂቃ፣ ለማብላት ይሄን ያህል፣ ተደምሮ ደረጃ ይሰጣል። እና ምን ሆነ? የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ደህና ነው፣ እጁ ደህና ነው፣ ራሱ ይታጠባል፣ ደቂቃው አልሞላም። ግን ጋዙን ለኩሶ ትቶት ይወጣል፣ ሌሊት መንገድ ላይ ይገኛል። ቤተሰቡ ሃያ አራት ሰዓት አይተኛም፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሰውየው ጤነኛ ነው። ይሄን ለማስተካከል እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ፈጀባቸው። አሁን አምስት ደረጃ ነው፣ የሚጠየቀውም ሰውየው ራሱን ችሎ ምን ያህል ይኖራል የሚለው ነው። የኛዎቹ ልጆች አፕ ውስጥ ያለው ግፊትና ስኳር ብቻ ከሆነ እማማ ቡና ከጣዱ በኋላ እንደረሱት፣ የልጃቸውን ስም እንዳጡት የት ሊጻፍ ነው? የማይለካው ነገር ሁሌ ይረሳል።

ሌላው፣ ልጅ ራሷ እናቷን ብትንከባከብ ገንዘቡን መውሰድ ትችላለች፤ ግን በየጊዜው አማካሪ ቤት ድረስ መጥቶ ያያል። ልጅም ብትሆን ይታያል ማለት ነው። እኛ አገር ይሄን ብትናገር ስድብ ነው፣ «በእናቴ ላይ ሰላይ ላክሽብኝ?» ይባላል። ግን ደክሟት የምትጮህ ልጅ አለች፣ የጡረታውን ብር የሚወስድ ልጅም አለ። ሁላችን እናውቃለን፣ አንናገርም እንጂ።

ስለ እጅ ላይ ጥሪው ደግሞ ልንገራችሁ። እዚህ በጣም የተለመደ ነው፣ አንገት ላይም ይንጠለጠላል። ሲጫኑት ወደ ማዕከል ይደውላል። ማዕከሉ ሰው ይልካል። እና ሰውየው ደርሶ በሩ ቢቆለፍስ? ለዚህ ሲመዘገቡ ቁልፍ አብሮ ይሰጣል፣ ማን ጋ እንደተቀመጠም ይጻፋል። ስለዚህ ልጆቹ መሣሪያውን ሲያሳዩህ ስለ ባትሪው አትጠይቃቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲደውል ማን ያነሣል? ተነሥቶ የሚሄደውስ ማነው? ቁልፉ ማን ጋ ነው? የሚያነሣ ሰው ከሌለ ያ ነገር ጌጥ ነው። ጌጥ ከመሆን ደግሞ የባሰ ነው፣ ልጆች ተማምነውበት መደወል ያቆማሉ።

ጃፓኖቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀምሩ መድኑን የሰጡት ለማዘጋጃ ቤት ነው። 40 ዓመት የሞላው ሁሉ ይከፍላል፣ አረጋዊው ማንን እንደሚከስ ያውቀዋል፣ የገዛ ከተማውን ነው። የአገልግሎት ዋጋውን ደግሞ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ያዩታል። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 አራት ነርሶች ሆነው የጀመሩት የሰፈር ነርሶች ድርጅት አለ። አሁን ብዙ ሺህ ሆነዋል፣ ግን አንድ ቡድን ከ12 ሰው አይበልጥም፣ አለቃ የላቸውም፣ ሥራውን ራሳቸው ይከፋፈሉታል። እኔ ይሄን ስሰማ ትዝ ያለኝ ሰንበቴ ነው፣ ሳቁብኝ።

አንድ የሙያችን አባባል አለ፣ ያልተጻፈ አልተሠራም ይባላል። መጀመሪያ ይመርረኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት ሲወድቁ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ያዳነኝ የጻፍኩት ነው።


መንዜው፦

እኔ ከመሐል ሜዳ ነኝ። ስለ ጃፓን ማውራታችሁ ጥሩ ነው፣ ግን እኛም አንድ ነገር እናውቃለን።

ጓሳን፣ የመንዙን የጋራ ሣር ምድር ማለቴ ነው፣ ሌላው ሰው የሚያውቀው በጭላዳና በቀይ ቀበሮ ነው። እኛ በሣሩ ነው የምናውቀው፣ ቤት የምንከድነው በሱ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ወገኖች በጋራ ይጠብቁት ነበር፣ ሥርዓቱም ቄሮ ይባላል (የሰሞኑ ቄሮ አይምሰላችሁ፣ ይሄ የጥንት ነው)። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ይቆረጥና ይከፈታል። ሰብሮ የገባ ይቀጣል። ጠባቂውን የሚመርጠው ራሱ ባለ ጓሳው ነው። በ1967 በመሬት አዋጁ ሥርዓቱ ሲፈርስ መሬቱ የሁሉም ሆነ፣ የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነና ሁሉም ገብቶ አጨደው። ኋላ በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ኮሚቴ አቁመው ነው እንደገና የያዙት።

ይሄን የማመጣው ለምንድነው? ጸሐፊው ወንድሜ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ነው የምትፈልገው። ቢሮ ቢገኝም ደብረ ብርሃን ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ የአንዲት መበለት ጓዳ ውስጥ የሆነውን አያውቅም። የሚያውቀው ጎረቤት ነው። እድሩ ይህን ነገር ለተቆረጠ ጊዜ ይክፈተው፣ ጊዜው ሲደርስ ይዝጋውና ይየው፣ ደህና ከሆነ ደግሞ ይክፈተው። መዝጋት የማይችል ሰው መክፈት የለበትም።

ገጠሩን ደግሞ አትርሱ። እኛ ጋ መጦር ማለት ውል ነው። ልጆቹ አዲስ አበባና ዓረብ አገር የሄዱበት ሽማግሌ መሬቱን ለእኩል ያርሳል፣ ወይም «ጡረኝ፣ ከሞትኩ በኋላ ያንተ ይሁን» ብሎ ለዘመዱ ይናዘዛል። የሚጦር አለ፣ እንደ ወላጁ። እስኪፈራረሙ ብቻ ማር ሆኖ ኋላ ድርቆሽ የሚሆንም አለ። አጎቴ ላይ የደረሰው ሁለተኛው ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያዳኑት ውሉ ሲጻፍ ሦስት ምስክር ስለነበረ ነው። በገንዘብ መጦርም መጦር ነውና ምስክር ይኑረው።


የቀድሞው መምህር፦

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጥቼ አሁን 71 ሞልቶኛል። የልጅ ልጄ ነው ይህን ገጽ ያሳየኝ፣ እኔው ራሴ ነኝ የምጽፈው።

ሁሉንም አነበብኩ። መልካም ትናገራላችሁ። ግን ልብ ብላችኋል? ስለ ልጆቹ፣ ስለ ነርሶቹ፣ ስለ እድሩ፣ ስለ አዋጁ አወራችሁ። አረጋዊው ራሱ አይፈልግም ቢልስ ያለ ሰው የለም። ስለ በግ አረባብ የምትማከሩ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ዓመት ስሙን የማልጠራው አንድ ማኅበር ብርድ ልብስ ሊሰጠን ጠራን። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚሠራበት አገር ነው፣ እሱም ይሁን። ተሰልፈን ቆምን። አንዱ ልጅ ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ አደረገና «አባባ ፈገግ ይበሉ» አለኝ። ፈገግ አልኩ። በሳምንቱ ተማሪዎቼ የነበሩ ሰዎች ከያገሩ «መምህር፣ ምነው ተቸገሩ?» እያሉ ደወሉልኝ። ፌስቡክ ላይ ነኝ ለካ። ብርድ ልብሱን ለዘበኛው ሰጠሁት። ብርዱ ይሻለኛል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እርዳታ ይሰጣል ይላል። የቤተሰብ ሕጉም ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እኔ የምለው ከሁለቱም በፊት ያለውን ነው። ስኳሬ ስንት እንደሆነ ከልጄ በፊት ለኔ ይነገረኝ። ለልጄ ይነገር ወይም አይነገር ብዬ የምወስነው እኔ ልሁን። ዛሬ አትምጡ ስል አትምጡ። ሲመጡ ደግሞ «አባባ» እያሉ እንደ ሕፃን አያባብሉኝ። ቅሬታ ሲኖረኝ የምናገረው ለራሳቸው ለልጆቹ ከሆነ አልናገርም። በማግስቱ ገላዬን የሚያጥበኝን ሰው እንዴት ከስሼ አድራለሁ? ሌላ ጆሮ ስጡን።


የጠባሴው ጸሐፊ፦

ይቅርታ፣ ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ስብሰባው ላይ አነበብኩት፣ ስምዎን ሳልጠቅስ። ቅድም ስለ ድንኳኑ የተናገሩት አባት «እኚህ ሰው ማናቸው?» ብለው ሁለቴ አስነበቡኝ።

የደረስንበትን ልንገራችሁ። በ12 ቤት ብቻ፣ ለስድስት ወር እንጀምራለን። ስድስት ወሩ ሲሞላ ይቆማል። እንዲቀጥል ጉባኤው እንደገና መወሰን አለበት፣ ዝም ብሎ አይቀጥልም። መንዜው ወንድሜ፣ ያንተ ነው ይሄ። ልጆቹ ከዚያ በፊት መተው ቢፈልጉ የአንድ ወር ጊዜ ይሰጣሉ፣ እየሄዱም ተሰናብተው ነው። ቆለኛው፣ የአባትህን ወንበር ነግሬያቸዋለሁ።

የቀብሩ ገንዘብ ሣጥን አይነካም። ልጅ ለሌላቸው አራት ሰዎች የሚሆን ሌላ ሣጥን ተከፈተ፣ የፈለገ ይጨምራል። ከውጭ ያሉ ሦስት የሰፈር ልጆች እስካሁን ልከውበታል።

ደብተር በየቤቱ አለ። የመጣው ሰው ሰዓቱን፣ የሠራውንና ያየውን ይጽፋል። አፑ ይቆይ አልን። ኮምፒውተር ያጠናው ልጅ በእርግጥም ከፋው፣ ሁለት ስብሰባ ቀረ፣ ከዚያ ተመልሶ የቀን መቁጠሪያውን እሱ ይሠራል። ፎቶ ክልክል ነው። ቅሬታ የሚሰሙ ሦስት ሰዎች ተመረጡ። ሁለቱ አገልግሎቱን የሚያገኙ አረጋውያን ናቸው፣ አንዷ እግሬን እጠቡኝ ያሉት እናት። ከልጆቹ ጋር ዘመድ የሆነ ሰው አይገባበትም። እጅ ላይ የሚታሰረው ነገር ቀረ፣ ሌሊት የሚያነሣ ሰው አላገኘንማ። በምትኩ ለየቤቱ ቁልፍ የሚይዝ አንድ ጎረቤት ተጻፈ።

ከጤና ጣቢያ ያንን አንድ ገጽ አስፈረምን። ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀው፣ እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ንግድ ፈቃዱ ግን እስካሁን አልተቋጨም። ልጆቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ስም እንሞክራለን ብለዋል። ተጠያቂነቱም ግማሽ ነው የተፈታው። ነርሶቹ ለሙያቸው ራሳቸው፣ እድሩ ደግሞ ቅሬታ ደርሶት ዝም ካለ እድሩ ይጠየቃል ብለን ጽፈናል። ፍርድ ቤት ይሄን እንዴት እንደሚያየው አላውቅም፣ የሕግ ሰው ካለ ይናገር።

የተቸገርኩት በአንድ ነገር ነው። የስምምነት ወረቀት አዘጋጅተናል፣ ምን እንደሚደረግላቸው፣ ለማን እንደሚነገርና እምቢ ማለት እንደሚችሉ የሚገልጽ። ከ12ቱ ሰባቱ ማንበብ አይችሉም። እናቴም አንዷ ናት። «አንተ ፈርምልኝ» ትለኛለች። ልፈርም?


ጤና ጣቢያ፦

አትፈርምላት! ልጇም ብትሆን፣ ይልቁንም ልጇ ስለሆንክ። በምትረዳው ቋንቋ ይነበብላት፣ ከዚያ ምን እንደገባት በራሷ አፍ ትንገርህ። የገባት ከሆነ የጣት አሻራ፣ ከሁለት ምስክር ጋር። ከምስክሮቹ አንዱ የቤተሰብ ሰው አይሁን። የመርሳት ችግር ላለባቸው ግን ይሄ ብቻውን አይበቃም፣ እነሱን ለይተህ ንገረኝ።


የጠባሴው ጸሐፊ፦

አንድ አሉ፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ። ለሌሎቹ ረቡዕ የማኅተም ቀለም ይዤ በየቤቱ እዞራለሁ። እናቴን ሳነብላት «እምቢ ማለት ትችያለሽ» የሚለው ጋ ስደርስ አስቁማኝ እንደገና አንብበው አለችኝ። ከዚያ ኪዳነ ምሕረት በምትውልበት ቀን እንዳይመጡ ጻፍልኝ አለች። ጽፌያለሁ።